ከሙቱንጎ እስከ ባሕር ዳር፦ በኮምፒውተር የሚቀረጽ ሰው ሠራሽ እግር የባለሙያን እጅ ይተካ ይሆን?

ሙቱንጎ በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በናካዋ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ኮረብታማ ሰፈር ነው። ከአናቱ ላይ ለቆመ ሰው የሉዚራ ሰፈር፣ የፖርት ቤል ወደብና የቪክቶሪያ ሐይቅ ይታያሉ። ወደ ኮረብታው ለመውጣትም ሆነ ወደ ዋናው መንገድ ለመውረድ፣ ነዋሪው እንደ ቀሪው የካምፓላ ሕዝብ ሁሉ የሚተማመነው ቦዳ ቦዳ በሚባሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች ነው።

ቦዳ ቦዳ የብዙ ሺህ ወጣቶች መተዳደሪያ የመሆኑን ያህል፣ የሆስፒታሎች የአጥንት ሕክምና ክፍሎች በሕሙማን እንዲጨናነቁ ከሚያደርጉት ምክንያቶችም አንዱ ነው። የኡጋንዳ ፖሊስ ዓመታዊ ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ እአአ በ2024 ብቻ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ከ5,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሞት ከተረፉት መካከል እግራቸውን ያጡ አሉ።

እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት የሙቱንጎ ነዋሪ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚገጥመው ጥያቄ፣ ሰው ሠራሽ እግር ከየት ይገኛል የሚለው ነው። አንዱ አማራጭ የአገሪቱ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል በሆነው ሙላጎ የሚገኘው የአካል ድጋፍ ወርክሾፕ ነው። ሌላው ደግሞ ከተማዋን አቋርጦ፣ ወደ እንቴቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ኪሱቢ ወደሚገኘው ኮርሱ የተሐድሶ ሆስፒታል መሄድ ነው።

በኪሱቢ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት የተጀመረ አንድ ሙከራ የዓለም መገናኛ ብዙኃንን ትኩረት ስቦ ነበር። የሙከራው ሐሳብ በእጅና በጀሶ ይሠራ የነበረውን የሰው ሠራሽ እግር ቅርጽ በኮምፒውተር ቀርጾ በባለ ሦስት አውታር ወይም በሥሪዲ ማተሚያ ማተም ነበር። ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን ሙከራው ራሱ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ጥሎ አልፏል፤ ኮምፒውተሩ ቅርጹን ሲረከብ፣ በባለሙያው መዳፍ ውስጥ የነበረው የመዳሰስ ዕውቀት ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው ለኡጋንዳ ብቻ የቀረበ አይደለም። በጦርነት ምክንያት አካላቸውን ያጡ ዜጎች ላሏት ኢትዮጵያም ይመለከታታል።

ጀሶ፣ ሞረድና መዳፍ

ሰው ሠራሽ እግር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ብረቱን ወይም የእግሩን መዳፍ ነው። ለተጠቃሚው ግን ወሳኙ ክፍል ሶኬት የሚባለው፣ የተቆረጠው እግር ቀሪ ክፍል የሚገባበት ጽዋ መሰል አካል ነው። የሰውነት ክብደት በሙሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ሶኬቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ቆዳ ይቆስላል፣ ሕመም ይከተላል፣ በመጨረሻም ሰው ሠራሽ እግሩ ከአልጋ ሥር ይቀራል።

በተለመደው አሠራር ባለሙያው መጀመሪያ ቀሪውን እግር በእጁ ይዳስሳል። አጥንት ለቆዳ የሚቀርብበትን፣ ሥጋ የሚበዛበትንና ሲጫኑት የሚያመውን ቦታ ለይቶ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ በውኃ የራሰ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልልበታል፤ ፋሻው እስኪደርቅም በመዳፉና በአውራ ጣቶቹ ይጫነዋል። ከዚያ በደረቀው ቅርፊት ውስጥ ፈሳሽ ጀሶ በማፍሰስ የእግሩን ትክክለኛ አምሳያ ያወጣል።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ባለሙያው ሞረድ ይዞ አምሳያውን እንደ ቀራፂ ያርመዋል። ክብደት ሊሸከም በሚችለው ቦታ፣ ለምሳሌ ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጅማት አካባቢ፣ ጀሶውን ይሞርዳል፤ በዚያ በኩል ሶኬቱ እግሩን አጥብቆ እንዲይዝ ነው። ጫና በማይችሉት ቦታዎች፣ ለምሳሌ በቅልጥም አጥንት ጠርዝና ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ጎላ ብሎ በሚዳሰሰው ቀጭን አጥንት ራስ ላይ፣ ጀሶ ይጨምራል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ሶኬቱ ክፍተት እንዲኖረው ነው። በመጨረሻም የጋለ ፕላስቲክ በታረመው አምሳያ ላይ ይለበጣል።

የት ምን ያህል ይሞረድ፣ የት ምን ያህል ይጨመር የሚለው ውሳኔ በመጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም። በዓመታት ልምድ እጅ ውስጥ የሚከማች ዕውቀት ነው።

እጥረት ያለውም በዚህ በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2017 ከዓለም አቀፉ የሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ ማኅበር ጋር ባወጣው መመሪያ፣ በዓለም ላይ ከ35 እስከ 40 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ሰው ሠራሽ አካል ወይም የአካል ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል። የሚያስፈልጋቸውን አጋዥ መሣሪያ የሚያገኙት ግን ከአሥሩ አንዱ ብቻ ናቸው። የኪሱቢው ሙከራ ሲጀመር የወጡ ዘገባዎች በመላው ኡጋንዳ የነበሩት የሠለጠኑ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎች 12 ብቻ እንደነበሩ አመልክተው ነበር።

የኪሱቢው ሙከራ

ሙከራውን በጋራ ያካሄዱት የኮርሱ ሆስፒታል፣ የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ሲቢኤም ካናዳ የተባለው የግብረ ሰናይ ድርጅት ነበሩ። ኋላም ኒያ ቴክኖሎጂስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ሥራውን ተረከበ። የተጠቀሙበት የመቅረጫ ሶፍትዌር መነሻው አውቶዴስክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያለክፍያ ያሰራጨው የነበረው ሜሽሚክሰር ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በእጅ የሚያዝ ስካነር በቀሪው እግር ዙሪያ ይዞራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ የእግሩ ቅርጽ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይታያል። ባለሙያው በሞረድ ፋንታ ማውዝ ይዞ፣ በሶፍትዌሩ ብሩሾች አንዱን ቦታ ይገፋል፣ ሌላውን ያሳብጣል። የታረመው ቅርጽ ወደ ማተሚያው ይላካል፤ ማተሚያው ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ ድርብ በድርብ እየደረደረ ሶኬቱን በሰዓታት ውስጥ ያወጣል።

ጥቅሙ ግልጽ ነበር። አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊያጥር እንደሚችል የፕሮጀክቱ ባለሙያዎች በወቅቱ ገልጸዋል። ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚ ይህ የማደሪያና የትራንስፖርት ወጪን መቀነስ ማለት ነው። በተለይ ሰውነታቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚያድግ ሶኬታቸው በየጊዜው መለወጥ ላለበት ሕጻናት ትርጉሙ ከፍ ይላል። አንድ ጊዜ የተቀረጸ ፋይል ሳይጠፋ ስለሚቀመጥም፣ ቀጣዩ ሶኬት ከባዶ አይጀመርም።

ተመሳሳይ ሙከራዎች በሌሎች አገራትም ተካሂደዋል። ሂዩማኒቲ ኤንድ ኢንክሉዥን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እአአ በ2016 በቶጎ፣ በማዳጋስካርና በሶሪያ የታተሙ ሶኬቶችን ፈትሿል።

ሆኖም ከአሥር ዓመት በኋላም ሰፊውን አገልግሎት የሚሰጠው ጀሶና ሞረድ ነው። ምክንያቱ የማተሚያዎች ዋጋ ብቻ አይደለም። የማተሚያዎች ዋጋ ከዓመት ዓመት ቀንሷል፤ የሶኬት ሥራ ግን በዚያው መጠን አልቀለለም።

ስካነሩ የማያየው ነገር

ስካነር የሚያነበው የላይኛውን ገጽ ነው። ከቆዳው ሥር ያለው አጥንት ይሁን ሥጋ፣ ጠባሳው የደነደነ ይሁን የላላ፣ ሲጫኑት ታካሚው ፊቱን ያጨማድድ እንደሆነ አያውቅም። በስክሪን ላይ ቅልጥምም ባትም አንድ ዓይነት ግራጫ ገጽ ናቸው። በማውዝ የሚቀርጽ ሰው የቱንም ቦታ በእኩል ቅለት ሊገፋው ይችላል፤ ማውዙ አይከለክለውም፣ አይቃወመውምም።

ስለዚህ በኮምፒውተር ጥሩ ሶኬት የሚቀርጸው፣ ቀድሞ በጀሶ ጥሩ ሶኬት ይቀርጽ የነበረው ባለሙያ ነው። የእጁን ትዝታ ይዞ ወደ ስክሪኑ ይመጣል። ጀሶ ነክቶ የማያውቅ አዲስ ተማሪ ግን ይህ ትዝታ የለውም። ቴክኖሎጂው የባለሙያን እጥረት ያቃልላል በሚል ተስፋ መጣ፤ በተግባር ግን ያንኑ እምብዛም የማይገኝ ባለሙያ የሚጠይቅ ሆነ።

ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የዚህን ችግር ግልባጭ በሌላ መስክ ያውቁታል። እአአ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሉሲ ወይም ድንቅነሽ፣ በአሜሪካ በነበረችበት ወቅት አጥንቶቿ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነሥተዋል። እአአ በ2016 የአንዳንዶቹ አጥንቶች የሥሪዲ ፋይሎች ለሕዝብ ተለቀቁ። በ2023 ደግሞ በእንግሊዙ ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት አሽሊ ዋይዝማን፣ በእያንዳንዱ እግሯ 36 ጡንቻዎችን በኮምፒውተር ቀርጸው ቀጥ ብላ መቆም ትችል እንደነበር አሳይተዋል።

በሉሲ ጥናት የሚታወቀው ጠንካራው አጥንት ነው፤ የማይታወቀው ልሙ ሥጋ ነው። ተመራማሪዋ የጎደለውን የሞሉት በዛሬ ሰዎች አካል ላይ የተገኘ መረጃን መነሻ በማድረግና በፊዚክስ ሕግ በመፈተን ነው። በሶኬት ሥራ ደግሞ በተቃራኒው የሚታየው ውጫዊው ገጽ ነው፤ የተሰወረው በውስጡ ያለው አጥንትና የሥጋው ልስላሴ ነው። በሁለቱም ቅርጽ ብቻውን በቂ አይደለም።

የሚቃወም ብዕር

ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ መሣሪያ ከ30 ዓመት በፊት ተሠርቷል። እአአ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ተማሪ የነበሩት ቶማስ ማሲ፣ ከአማካሪያቸው ኬኔት ሳሊስበሪ ጋር ፋንተም የተባለ መሣሪያ ሠሩ። ማሲ በኋላ ወደ ፖለቲካ ገብተው እአአ በ2012 የኬንታኪ ግዛትን ወክለው የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሆነዋል።

ፋንተም በትንሽ የሮቦት ክንድ ጫፍ ላይ የተገጠመ ብዕር ነው። ተጠቃሚው ብዕሩን ሲያንቀሳቅስ በስክሪኑ ላይ ያለው መቅረጫም አብሮ ይንቀሳቀሳል። መቅረጫው በስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ሲነካ ግን በክንዱ ውስጥ ያሉት ሞተሮች ብዕሩን ወደኋላ ይገፉታል። ነገሩ ድንጋይ ከሆነ ብዕሩ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ሸክላ ከሆነ እየተቋቋመ ይገባል። በሌለ ነገር ላይ እጅ ያረፈ ያህል ይሰማል። ዘርፉ ሃፕቲክስ፣ በአማርኛ የንክኪ ምላሽ ቴክኖሎጂ ሊባል ይችላል።

ይህን ማድረግ ሥዕል ከማሳየት ይከብዳል። ዓይን በሰከንድ 24 ምስሎች ከታዩት እንቅስቃሴውን ያልተቆራረጠ አድርጎ ይቀበላል። እጅ ግን ጠንካራ ነገር እንደነካ እንዲሰማው ኮምፒውተሩ የሚመልሰውን ኃይል በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያህል ማስላት አለበት። ስሌቱ ከዘገየ የነኩት ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ድንጋዩ እንደ ጎማ ይሆናል።

ማሲ የመሠረቱት ሴንሰብል ቴክኖሎጂስ የተባለው ኩባንያ እአአ በ1999 ፍሪፎርም የተባለ የመቅረጫ ሶፍትዌር ለገበያ አቀረበ። ሸክላ እንደሚቀረጸው ሁሉ በስክሪን ላይ ያለ ቅርጽን እየነኩ መቅረጽ ተቻለ። የአሻንጉሊትና የጫማ ንድፍ አውጪዎች፣ ኋላም ሰው ሠራሽ ጥርስና ለተጎዳ የራስ ቅል ተለዋጭ የሚሠሩ የሕክምና ባለሙያዎች ተጠቀሙበት። መሣሪያው በባለቤትነት ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ እአአ በ2013 ሥሪዲ ሲስተምስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እጅ ገባ።

ነገር ግን የዚህ መሣሪያ ዋጋ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይለካል፤ ለሶፍትዌሩም ፈቃድ ይከፈላል። ዋጋው ለሀብታም አገር የጥርስ ላቦራቶሪ የሚቻል ሊሆን ይችላል። ለሙላጎ፣ ለጉሉ ወይም ለደሴ ወርክሾፕ ግን የዓመት ጀሶና ፕላስቲክ የሚገዛ ገንዘብ ነው።

ከሴራሊዮን የመጣ ሐሳብ

የሚቃወም ብዕር ብቻውንም መፍትሔ አይሆንም። ብዕሩ በትክክል እንዲቃወም ኮምፒውተሩ የሚነካው ነገር ምን ያህል ልስላሴ እንዳለው ማወቅ አለበት። በዚህ ጊዜ በፊዚክስ ሕግ ላይ የተመሠረተ ሞዴል ያስፈልጋል። ሞዴሉ የእግሩን ምስል በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፍላል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የጥንካሬ መጠን ይሰጣል፤ ከዚያም ሰውየው ክብደቱን ሲያሳርፍ የትኛው ቦታ ምን ያህል እንደሚጨመቅ ያሰላል። ሶኬቱ ሳይታተም፣ ታካሚው ሳይቆስል፣ የሚያምመው ቦታ በቀለም ተለይቶ ስክሪን ላይ ይታያል።

በዚህ መስክ ስማቸው ከሚጠቀስ ሰዎች አንዱ አፍሪካዊ ናቸው። ዴቪድ ሞይኒና ሴንጌ ያደጉት እአአ ከ1991 እስከ 2002 በቆየው የሴራሊዮን የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነው። ጦርነቱ የብዙ ሰላማዊ ሰዎች እጅና እግር በታጣቂዎች የተቆረጠበት ነበር። ሴንጌ በአገራቸው ያስተዋሉት ነገር የምርምራቸው መነሻ ሆነ፤ ሰው ሠራሽ እግር የተሰጣቸው ብዙ ሰዎች አያደርጉትም ነበር፤ ሶኬቱ ያምማቸዋልና።

በኤምአይቲ የዶክትሬት ጥናታቸው፣ ራሳቸው ሁለቱንም እግሮቻቸውን ካጡት ፕሮፌሰር ሂው ኸር ጋር በመሥራት፣ የቀሪውን እግር ውስጠኛ ክፍል በኤምአርአይ በማንሳት የአጥንቱንና የሥጋውን አቀማመጥ ለዩ። ከዚያም ሞዴሉን ተጠቅመው፣ አጥንት በሚቀርብበት ቦታ የሚለሰልስ፣ ሥጋ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ የሚጠነክር ሶኬት በሥሪዲ ማተሚያ አወጡ። ባለሙያው በመዳፉ የሚያደርገውን ምርጫ ማሽኑ በስሌት እንዲያደርገው መሞከር ማለት ነው።

ሴንጌ ወደ አገራቸው ተመልሰው እአአ በ2019 የትምህርት ሚኒስትር፣ በ2023 ደግሞ ዋና ሚኒስትር ሆነዋል። የምርምራቸው ውጤት ግን እንደ ሐሳቡ ፍጥነት ወደ ተራው ወርክሾፕ አልወረደም። ኤምአርአይ ለብዙዎቹ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ብርቅ መሣሪያ ነው፤ በሚገኝበትም ቦታ ወረፋው ለሌላ ሕክምና ነው። ለአንድ ሶኬት ሲባል የሚውል አይደለም።

ገንዘቡ፣ መብራቱና የሶፍትዌሩ ባለቤት

የኪሱቢው ልምድ ከቴክኖሎጂው ባሻገር ሦስት ነገሮችን ያስተምራል።

የመጀመሪያው በውጭ እርዳታ የሚጀመር ፕሮጀክት የገንዘቡን ዕድሜ ያህል ብቻ የመኖር አደጋ ያለበት መሆኑ ነው። ይህ ስጋት በአሁኑ ወቅት ጎልቷል። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ)፣ እአአ ከ1989 ጀምሮ ለጦርነት ተጎጂዎች ሰው ሠራሽ አካል የሚውለውን የሌሂ ፈንድ ሲያስተዳድር የቆየ ተቋም ነበር። በሐምሌ 2025 መጀመሪያ በይፋ ሥራውን አቁሟል። የገንዘቡ ምንጭ ሲደርቅ የመጀመሪያው ተጎጂ የሚሆነው የባለሙያው ደመወዝና ሥልጠና ነው፤ ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የሶፍትዌር ባለቤትነት ነው። የኪሱቢው ሥራ መነሻ የነበረው ሜሽሚክሰር ነጻ ነበር፤ ነገር ግን ንብረትነቱ የኩባንያ ስለነበር አውቶዴስክ ማሻሻሉን ሲያቆም ተጠቃሚው ምንም ማድረግ አልቻለም። የተለየ መንገድ ያሳየው ብሌንደር ነው። እአአ በ2002 ባለቤቱ የነበረው ኩባንያ ሲዘጋ፣ ተጠቃሚዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ምንጭ ኮዱን ገዝተው ለዓለም ክፍት አደረጉት። ዛሬ በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ የአኒሜሽን ተማሪ በነጻ ይቀርጽበታል። ለሕክምና የሚውል መሣሪያ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል፤ ስሕተቱ በሰው ቆዳ ላይ ያርፋልና።

ሦስተኛው ጥንካሬ ነው። ሰው ሠራሽ እግሮች የሚፈተኑበት አይኤስኦ 10328 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አንድ እግር ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ተደጋግሞ ሲጫን መቋቋሙን ይጠይቃል። ድርብ በድርብ የታተመ ፕላስቲክ ደካማ ጎኑ በድርቦቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ነው። ማተሚያው እየሠራ መብራት ከጠፋ መጋጠሚያው ሊላላ፣ ሥራውም ከናካቴው ሊበላሽ ይችላል። በሙቱንጎ ዳገት ላይ፣ በዝናብ ጊዜ በሚያንሸራትት ቀይ አፈር የሚራመድ ሰው ደግሞ ሶኬቱ በላቦራቶሪ ወለል ላይ መቆሙ ብቻ አይበቃውም።

ኢትዮጵያ በየት በኩል ትገኛለች?

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ከጎረቤቶቿ የምትማረው ብቻ ሳይሆን የምታስተምረውም አላት። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ (አይሲአርሲ) በፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ሰው ሠራሽ አካል የመሥራት ዘዴን ለአፍሪካ ባለሙያዎች የሚያስተምርበትን ማሠልጠኛ እአአ በ1995 አዲስ አበባ ላይ ከፍቶ ነበር። ዘዴው ርካሽ፣ ጠንካራና በአገር ውስጥ የሚጠገን እግር ለማምረት ታስቦ የተቀረጸ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ የሚገኘው ታትኮት የተባለው ኮሌጅ እአአ ከ1981 ጀምሮ የአካባቢውን አገራት ባለሙያዎች ሲያሠለጥን ቆይቷል።

በአዲስ አበባ፣ በመናገሻ፣ በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በመቀሌ፣ በአሰላና በአርባ ምንጭ ያሉት የአካል ተሐድሶ ማዕከላት የዚህ ሥራ ምሰሶዎች ናቸው። እአአ ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት፣ ቀጥሎም በ2023 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በማዕከላቱ ላይ የሚያርፈውን ሸክም አክብደውታል። የፕሪቶሪያው ስምምነት መሣሪያ እንዲወርድ ቢያደርግም፣ እግሩን ላጣ የ20 ዓመት ወጣት ጦርነቱ የሚያበቃበት ቀን የለም። በቀሪ ዘመኑ ሁሉ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ሶኬት ያስፈልገዋል።

መንገድ በሚዘጋበትና ታካሚ ወደ ማዕከል መድረስ በማይችልበት አካባቢ የዲጂታሉ አሠራር እውነተኛ ጥቅም አለው። ስካነር በቦርሳ ይያዛል። በወረዳ ጤና ጣቢያ የተነሣ የእግር ቅርጽ በኢንተርኔት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ሊላክ ይችላል። በሰሜናዊ ኡጋንዳ፣ ከደቡብ ሱዳን ለተሰደዱ ሰዎች የአካል ድጋፍ ለመሥራት ተመሳሳይ ዘዴ ተሞክሯል።

ይሁን እንጂ የተላከው ፋይል የሚይዘው ቅርጽን ብቻ ከሆነ፣ ርቀት ላይ ያለው ባለሙያ የሚቀርጸው በግምት ነው። ችግሩን በከፊል የሚያቃልል፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መንገድ አለ። ታካሚው ዘንድ ያለው ሠራተኛ እግሩን በእጁ እንዲዳስስ፣ ጠንካራውን፣ ለስላሳውንና የሚያመውን ቦታ በቀለም እንዲያመለክት፣ ከዚያ እንዲያነሣ ማሠልጠን ነው። ቀለሙ በፋይሉ ላይ ይታያል። የመዳሰስ ዕውቀቱ በሮቦት ክንድ ሳይሆን በሰው ጣት አማካይነት ወደ ስክሪኑ ይገባል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የሥልጠና ሳምንታትና የሥራ መደብ ነው፤ ሁለቱም በመንግሥት በጀት ውስጥ ሊካተቱ የሚችሉ ናቸው።

የአካል ቅርጽ የማን ንብረት ነው?

የእግር ቅርጽ ፋይል ሲሆን ሌላ ጥያቄም ይከተላል። የታካሚ አካል ምስል ከሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ባለቤቱ ማን ነው? ኡጋንዳ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጓን ያወጣችው እአአ በ2019 ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አጽድቃለች።

ጥያቄው ረቂቅ አይደለም። ወደፊት ሶኬትን በራሱ የሚቀርጽ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠለጥነው፣ ባለሙያዎች ባረሟቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ቅርጾች ነው። በካምፓላ፣ በሞሺና በደሴ የሚሠራ ባለሙያ በእያንዳንዱ እርማቱ የ20 ዓመት የእጅ ልምዱን በፋይሉ ላይ ያኖራል። ፋይሉ ወደ ውጭ ሄዶ የኩባንያ ምርት ሆኖ ቢመለስ፣ አገራቱ የራሳቸውን ባለሙያዎች ዕውቀት በዶላር መልሰው ይገዛሉ። ፋይሉ በአካባቢው ከተቀመጠ ግን የወደፊት ተማሪዎች መማሪያ ይሆናል።

የንክኪ ምላሽ መሣሪያዎችም ምናልባት ትልቁን ጥቅም የሚሰጡት በዚህ በኩል ነው። እያንዳንዱ ወርክሾፕ እንዲህ ያለ ብዕር መግዛት አይችል ይሆናል። አንድ የሥልጠና ማዕከል ግን ጥቂቶችን ቢያስገባ፣ ተማሪው በሕያው ሰው ላይ ሳይሳሳት አንድን ዓይነት እግር መቶ ጊዜ ሊዳስስና ሊያርም ይችላል። የቀዶ ሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በበለጸጉ አገራት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሲለማመዱ ቆይተዋል። በዚህ አጠቃቀም ማሽኑ የባለሙያን እጅ አይተካም፤ አዲስ እጅ ያሠለጥናል።

በኪሱቢ የተጀመረው ሙከራ ያሳየው ነገር ቢኖር የማተሚያ መኖር የባለሙያን መኖር እንደማያስቀር ነው። ለአካባቢው መንግሥታትና ለጋሾች ከፊት ያለው ምርጫ በጀሶና በኮምፒውተር መካከል አይደለም። የሚመረጠው ገንዘቡ መጀመሪያ የሚውልበት ነው፤ ለማሽኑ ወይስ ማሽኑን የሚያዝዘውን እጅ ለማብዛት። ከሙቱንጎ ተነሥቶ፣ በክራንች ተደግፎ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ኪሱቢ የሚደርስ ሰው የሚጠብቀው የማያቆስል ሶኬትን ነው፤ በጀሶ ይሠራ በማተሚያ፣ ለእርሱ ልዩነት የለውም።